ሁለተኛ ውሻ ወደ ቤት ስለ ማስገባት

ሰው ካላመዳቸው እንስሳት ሁሉ ቀዳሚው ውሻ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። በሬና በግ፥ ፈረስና አህያ የሰው አገልጋዮች ከመሆናቸው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ውሻ ከአዳኞች እሳት አጠገብ ይተኛ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሮን የኖረ እንስሳ በመሆኑ ጠባዩን ሁሉ የምናውቅ ይመስለናል። ዳሩ ግን አንድ ውሻ ባለበት ግቢ ሌላ ውሻ ባስገባን ቀን ምን ያህል እንዳላወቅነው ይገለጥልናል።

በደብረ ሲናና ከበታቹ ባለው በይፋት ቆላ ሁለተኛ ውሻ የሚፈለግበት ምክንያት አይታጣም። በደጋው ጅብ በጉም ተከልሎ እስከ በጎች ጉረኖ ይደርሳል፤ በሸዋ ሮቢት በኩል ደግሞ ማሽላው ሲያሸት ዝንጀሮና ከርከሮ እርሻውን ያጠፋሉ። የቤቱ ውሻ እያረጀ ሲሄድ ጆሮው ይደክማል። ያን ጊዜ አባወራው ከዘመድ ቤት ሌላ ውሻ ያስመጣና ከግቢው መካከል ይለቀዋል። ነባሩ ውሻ ዘሎ ይይዘዋል፤ ልጆች ይጮኻሉ፤ ድንጋይ ይወረወራል፤ በመጨረሻም ነባሩ ተደብድቦ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ «ቀናተኛ ሆነ» ይባላል።

ነገሩን በነባሩ ውሻ ዐይን እንመልከተው። ስለ ውሻ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ውሻው ከጌታው ጋር ስለሚቀመጥበት ወንበርና ስለሚተኛበት ምንጣፍ ይመክራሉ። በእኛ አገር ግን በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው በደጅ ነው። ሀብቱም የሚተኛበት የበር ሥር፥ የሚበላበት ቆርቆሮና ማታ ማታ ከሰንሰለቱ የሚፈታው ሰው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፥ ይህን ሀብቱን ከማንኛውም እንግዳ መጠበቅን ሥራዬ ብሎ የያዘ እንስሳ፥ ከበሩ ውስጥ ድንገት ያገኘውን ውሻ እንደ ሌባ ቢቆጥረው ምን ያስደንቃል? እኛው ያስተማርነውን ነው የሠራው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትውውቅ ከግቢው ውጭ፥ ከሁለቱ አንዳቸውም የእኔ ነው በማይሉት ቦታ መሆን ይገባዋል። ከተማችን በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች አስፋልቱ ለዚህ አይሆንም፤ የከባድ መኪና ጡሩምባ ለሰውም ያስደነግጣል። ከከተማው ወጣ ያለ የግጦሽ ሜዳ ይሻላል። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ውሾች በገመድ ይዘው፥ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ ትተው ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይራመዱ። ፊት ለፊት ማጋፈጥ አይገባም፤ በውሾች ዘንድ ዐይን ለዐይን ተፋጥጦ መቆም የጠብ ምልክት ነውና። ገመዱም ላላ ይበል። ገመዱ ሲወጠር ውሻው የሚያስፈራ ነገር የመጣ ይመስለዋል። ጥቂት በጥቂት እየተቀራረቡ ሄደው አንዱ የሌላውን ጎንና ጅራት ካሸተተ በኋላ ፊቱን ቢያዞር፥ ወይም የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ ቢያደርግ፥ መልካም ነው፤ ይህ የኋለኛው የጨዋታ ግብዣ ነው። ጅራቱ ሽቅብ ደርቆ፥ የጀርባው ጠጉር ቆሞ ከፈዘዘ ግን ሳይጮኹ አዙሮ መራቅ ነው።

ውሻ ዓለምን የሚያውቀው ይበልጡን በአፍንጫው ነው። እንግዳው የተኛበትን ጆንያ አስቀድሞ ለነባሩ ማሸተት፥ የነባሩንም ለእንግዳው መስጠት ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ድምፅ ደጋግሞ ካሰማቸው፥ ኋላ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚፈስ አሳየ። ይህን ትምህርት ወደ ግቢያችን እንመልሰው። እንግዳው በታየ ቁጥር ነባሩ ቁራሽ እንጀራ ቢሰጠው፥ እንግዳው ሲሰወርም ቁራሹ ቢቆም፥ ከጥቂት ቀናት በኋላ የእንግዳውን መምጣት በናፍቆት ይጠብቃል። በብዙ ቤት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጆች ሁሉ ቡችላውን ሲያቅፉ ነባሩ ይባረራል፤ ቢያጉረመርም ይመታል። እንግዳው ማለት ዱላ ማለት ነው ብለን በፓቭሎቭ መንገድ ራሳችን አስተማርነው! አስቀድሞ የሚበላው፥ አስቀድሞም ከሰንሰለቱ የሚፈታው ነባሩ ይሁን።

በማጉረምረሙ መምታት በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ማጉረምረም «ራቅ በል» ማለት ነው። ቡችላ ገና ቋንቋውን ስላልተማረ የትልቁን ጆሮና ጅራት ይነክሳል፤ ትልቁም አጉረምርሞ ያስተምረዋል። በዱላ ዝም ያሰኘነው ውሻ ቁጣው አይጠፋም፤ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋና ሳያስታውቅ መንከስ ይጀምራል።

ሴትና ወንድ ከሁለት ወንዶች ወይም ከሁለት ሴቶች ይልቅ በቀላሉ ይስማማሉ። ነገር ግን ሴት ውሻ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስለምትፈልግና ሁለት ወር ያህል አርግዛ ስለምትወልድ፥ ወንዱን ያላኮላሸ ሰው ሁለተኛ ውሻ አመጣሁ ሲል ስምንተኛ ውሻ ሊያገኝ ይችላል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ውሻ ደግሞ ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ በጣርማ በር ጉም ሥር ስለሚያድር፥ ጠጉሩ እስኪወፍር ድረስ ጭድ የተነጠፈበት መጠለያ ያስፈልገዋል። መጠለያውም ከነባሩ ቦታ የተለየ ይሁን።

አሁን ወላጆች በብርቱ ሊያስቡበት ወደሚገባው ነገር እንምጣ። ውሾች ሲጣሉ ሊገላግል እጁን የሰደደ ልጅ ይነከሳል። እጅ ከመስደድ ይልቅ ባልዲ ውሃ መድፋት ወይም ቆርቆሮ መደብደብ ይሻላል። ከንክሻው ይልቅ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የታመመ ውሻ ምልክቱ ሳይታይበት አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት በሽታውን በምራቁ ሊያስተላልፍ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ከንክሻ በኋላ መዳን ይቻላል፤ የበሽታው ምልክት በሰውየው ላይ ከታየ በኋላ ግን ተስፋ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱም ውሾች ከመገናኘታቸው በፊት በእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይከተቡ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሻ ለሌሎች በሽታዎች ጥንቃቄ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ የጆንያው ማሸተት ከዚህ ጊዜ በኋላ ይደረግ።

ያልተስማማውን ውሻ ወደ ጎዳና ማባረርም መፍትሔ አይደለም። ከእኛ በስተ ሰሜን በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 እና በ1992 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ያልተከተበና ባለቤት የሌለው ውሻ የት ድረስ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ስለዚህ ወደ መጣበት ቤት መመለስ ይሻላል።

ስለ ጊዜውም ጥቂት ልበል። ሁለተኛ ውሻ በፋሲካ ሰሞን አታምጡ። ሁለት ወር ያህል አጥንት ያላየ ውሻ በአንድ ቀን የበግ አጥንት ሲወረወርለት ለወዳጁም አይመለስም። አጥንት በሌለበት በጾሙ ወራት ቢተዋወቁ ይቀላል። በመጀመሪያው ፋሲካቸውም አንዱን ከበሩ ሥር፥ ሌላውን ከጓሮ አስራችሁ አጥንቱን ለየብቻ ስጡ፤ የተረፈውንም ከመፍታታችሁ በፊት ልቀሙት።