ከወፍ ክንፍ አጥንት የሚሠራ የአደን መጥሪያ

የበዓል ዶሮ ሲበለት ክንፉ ለማን ይደርሳል? ብዙ ጊዜ ለልጆች ነው። ሥጋው ጥቂት ነው። ልጁ ግጦ ግጦ አጥንቱን ይጥለዋል፤ ውሻ ያነሣዋል። በዚሁ ነገሩ ያልቃል።

እስቲ ይህን የሚጣል አጥንት ጠጋ ብለን እንመልከተው። የወፍ ክንፍ እንደ ሰው ክንድ ነው። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት አለ። ከክርን በታች ደግሞ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ወፈር ይላል፣ ሌላው ቀጭን ነው። በትልልቅ ወፎች ላይ ወፈር ያለውን አጥንት በጣት ቢዳስሱት በተርታ የተሰለፉ ትናንሽ ጉብታዎች ይገኙበታል። የክንፉ ላባዎች የተተከሉበት ቦታ ነው። ሦስቱም አጥንቶች ውስጣቸው እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው። በታችኞቹ ሁለት አጥንቶች ውስጥ መቅኔ አለ። የላይኛው ግን ወፉ የሚተነፍሰው አየር ስለሚደርሰው ባዶ ነው፤ ለዚህም ነው ከመጠኑ ይልቅ ቀላል የሚሆነው።

ሸምበቆ ካለ ዋሽንት አለ። ክፍት አጥንት ካለስ? እሱም ድምፅ ያወጣል። በአሜሪካ አገር ያሉ አዳኞች ከዚህ ከሚጣለው የክንፍ አጥንት የወፍ መጥሪያ ይሠራሉ። መጥሪያ ስንል የፍርድ ቤቱን ማለታችን አይደለም። የወፉን ድምፅ አስመስሎ እያሰማ ወፉን በገዛ እግሩ ወደ አዳኙ የሚያመጣ ዕቃ ነው።

ከእርሻ በፊት የነበረ ሙያ

አጥንትን ማስጮህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን እስራኤል፣ በሁላ ሸለቆ፣ ዐይናን በሚባል ቦታ ጥንት ሰዎች ሰፍረው ነበር። ዘመኑ ከዛሬ 12,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እህል መዝራት ገና አልተጀመረም፤ ሰው የሚኖረው እያደነና የዱር ፍሬ እየለቀመ ነበር። ከዚያ ቦታ ተቆፍረው ከወጡት የወፍ አጥንቶች መካከል ሰባቱ የተበሱ ሆነው ተገኙ። ሁሉም የውሃ ወፎች አጥንት ናቸው። ነገሩ በ2023 በጽሑፍ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተባለ በቀር፣ በኤሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጥኚዎቹ አምሳያውን ሠርተው ነፉት። ታዲያ ምን ሰሙ? የጭልፊትን ጩኸት የሚመስል ድምፅ ሰሙ። ወፍ ለማደን ይሁን፣ ለዘፈን ይሁን፣ ወይም ሰው ከሰው ለመጠራራት፣ በእርግጥ ለይቶ መናገር አይቻልም። ያን የመሰለ ቀጭን አጥንት በድንጋይ ስለት መብሳት ግን የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። እጁ የለመደ ሰው ሥራ ነው።

የአሜሪካው መጥሪያ ከዚህኛው የተለየ ነው፤ ቀዳዳ አይበሳበትም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነጮች ከመምጣታቸው በፊት ይሠሩት ነበር። ኋላ ከኤሮፓ የሄዱት ሰፋሪዎችም ያዙት። ዛሬም የሚሠሩት ሰዎች አሉ።

ወፉና ጠባዩ

የሚጠራው ወፍ ተርኪ ይባላል። የዶሮ ዘመድ ነው፤ ግን በጣም ትልቅ ነው። አውራው እስከ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ሴቷ የዚያን ግማሽ ያህል ናት። ስሙ ከቱርክ አገር የመጣ ያስመስለዋል እንጂ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በየቤቱ የሚረባው ተርኪም ዘሩ ከዚያው፣ ከሜክሲኮ አካባቢ ነው።

የዱሩ ተርኪ ቀን መሬት ላይ ይለቅማል፣ ሌሊት ዛፍ ላይ ያድራል። ዓይኑ እጅግ ንቁ ነው። ሰው ጣቱን ቢያንቀሳቅስ ያያል። ጆሮውም ከሩቅ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ወፍ ተከታትሎ መያዝ አድካሚ ነው። ስለዚህ አዳኙ ከመከተል ይልቅ መጥራትን መረጠ።

ጥሪው የሚሠራው በመራቢያው ወራት፣ በፀደይ ነው። በዚያ ወቅት አውራው ገና ጎሕ ሲቀድ ከዛፉ ላይ ሆኖ ይጮኻል። ሴቶቹ ድምፁን ሰምተው ወደ እሱ ይሄዳሉ። የተፈጥሮው ሥርዓት ይኸው ነው። አዳኙ ግን ሥርዓቱን ይገለብጠዋል። ራሱ እንደ ሴቷ ይጮኻል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይጠብቃል። አውራው «ይቺ ስለምን አልመጣችም?» ብሎ እሱ ወደ እሷ ይመጣል። አንዳንዱ ሮጦ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሩቅ እየጮኸ ቆሞ ይቀራል። እንደ ሰው ሁሉ ወፍም ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው።

አሠራሩ

ለአንድ መጥሪያ የአንድ ክንፍ ሦስት አጥንቶች ይበቃሉ። ብዙ ሠሪዎች የሴቷን አጥንት ይመርጣሉ፤ ቀጠን ስለሚል ድምፁ ለሴቷ ድምፅ ይቀርባል። የአውራው አጥንትም ይሆናል፤ ድምፁ ወፈር ይላል እንጂ።

በመጀመሪያ ሥጋው በካራ ይገፈፋል። ከዚያ አጥንቱ ትንሽ ሳሙና በገባበት ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ይቀቀላል። የቀረው ጅማት ሲለቅ ወጥቶ ይፋቃል። ብዙ ሰዓት መቀቀል ግን አያስፈልግም፤ አጥንቱን ያደክመዋል። በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍም እንዲሁ ነው፤ አጥንቱ ይነጣል፣ ግን ውሎ አድሮ ይፈረፈራል።

ቀጥሎ ሁለቱ ጫፎች፣ ማለት እንደ ጉልበት ያበጡት ቦታዎች፣ ይቆረጣሉ። መቆረጥ ያለባቸው ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የብረት መጋዝ ነው። በካራ ወይም በመጥረቢያ የመታው ሰው ሥራው ወዲያው ይበላሻል፤ የወፍ አጥንት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ቢቻል በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ መቁረጥ ነው። የተረፈ አጥንት ኋላም ይቆረጣል፤ ያጠረ ግን አይቀጠልም። የተቆረጠው አፍ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በዚህ ጊዜ አፍንጫን በጨርቅ ማሰር ይገባል፤ የአጥንት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ከዚያ የውስጡ ጽዳት ነው። መቅኔው በሽቦ እየተገፋ ይወጣል። በላይኛው አጥንት ውስጥ ወደ ጫፎቹ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ እነሱም በሽቦ ተሰባብረው ይወገዳሉ። ውስጡ በደንብ ካልጠዳ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ይሸታል። ሁለተኛ አየሩ ስለሚደናቀፍ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ከጸዳ በኋላ ጥላ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲደርቅ ይተዋል።

አሁን ሦስቱ አንዱ ባንዱ ውስጥ ይገባሉ። ቀጭኑ አጥንት የአፍ መያዣ ነው። የእሱ ሌላ ጫፍ መካከለኛው አጥንት ውስጥ ይገባል። መካከለኛው ደግሞ ወፍራሙ የላይኛው አጥንት ውስጥ ይገባል። የላይኛው ክፍት አፍ የድምፁ መውጫ ነው። አንድ ላይ ሲታይ ጠባብ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ትንሽ ጡሩንባ ይመስላል። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ነው። አጥንቶቹ ልክ በልክ ካልገጠሙ እየሞረዱ ማስገጠም ያስፈልጋል። መጋጠሚያው በማጣበቂያ ይዘጋል፤ በላዩ ላይ ክር ይጠመጠማል። ክሩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አጥንቱ እንዳይሰነጠቅ አጥብቆ ይይዘዋል። አየር በመጋጠሚያው በኩል ሾልኮ ከገባ መጥሪያው አይጮኽም። ፍተሻው ቀላል ነው። አንዱን አፍ በጣት ደፍኖ በሌላው መሳብ ነው። ከንፈርን ከያዘ ደኅና ነው፤ አየር ካለፈ እንደገና ይደፈናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ዕቃ ወደ አፍ የሚገባ ነው። ሞቶ ከተገኘ ወይም ታሞ ከነበረ ወፍ አጥንት መውሰድ አይገባም። የወፍ በሽታ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ጤነኛ ከነበረ ወፍ ቢሆንም አጥንቱን ያጸዳ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

አይነፋም፤ ይሳባል

ዋሽንት የለመደ ሰው ይህን መጥሪያ ቢያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው መንፋት ነው። ግን ምንም አይሰማም፤ ቢሰማም የሚረባ ድምፅ አይደለም። ምስጢሩ ወዲህ ነው። ይህ መጥሪያ አይነፋም፤ አየር ወደ ውስጥ ይሳብበታል።

ቀጭኑ አፍ ከከንፈር ጥግ አጠገብ ይቀመጣል። ከንፈር ጠበብ ይልና ሕፃን እንደሚስሙ ሁሉ አጭር አጭር አድርጎ መሳብ ነው። ከንፈሩ ይርገበገባል። ድምፁን የሚፈጥረው ይህ መርገብገብ ነው፤ አጥንቱ እየሰፋ ስለሚሄድ ያጎላዋል። ሁለቱ መዳፎች ሰፊውን አፍ ከበው ይይዛሉ። መዳፉ ሲከፈት ድምፁ ይጎላል፣ ሲዘጋ ይርቃል። በዚህ መንገድ ሴቷ ወፍ ፊቷን ያዞረች ወይም የራቀች ማስመሰል ይቻላል።

አጥንቱን ለማዘጋጀት ጥቂት ቀን ይበቃል። ድምፁን ለማውጣት ግን ወራት ይፈጃል። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ለማጅ ሰው ብዙ ይጮኻል። የለመደው ግን ሦስት አራት ጊዜ ይጠራና ዝም ይላል። ሴት ተርኪ ቀኑን ሙሉ ስትጮኽ አትውልምና አውራው የበዛ ጥሪ ይጠራጠራል።

ጠሪው ራሱ ሲታደን

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ወፍ የሚታለልበት ድምፅ ሰውንም ያታልላል። በአንድ ጫካ ውስጥ ሁለት አዳኞች ቢኖሩ፣ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ሲጠራ ሌላው ሰምቶ «ተርኪ አገኘሁ» ይላል። ጎንበስ ብሎ ይጠጋል። ቅጠል ሲነቃነቅ ያይና ይተኩሳል። በዚህ ዓይነት ሰዎች ቆስለዋል፣ ሞተዋልም።

ስለዚህ በአሜሪካ ለአዳኞች የሚሰጠው ትምህርት ጥብቅ ነው። ጠሪው ከትከሻው የሚሰፋ ግንድ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ከኋላው የሚመጣ ጥይት ግንዱን እንዲያገኝ ነው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አይለብስም። እነዚህ ሦስቱ የአውራው ተርኪ ራስ ቀለማት ናቸው። ቀይ መሐረብ እንኳ በኪስ መያዝ አደጋ ነው። ሌላ ሰው ሲመጣ ቢያይ እጁን አያወዛውዝም፣ በወፍ ድምፅም አይጠራም፤ በሰው ድምፅ ጮኾ ይናገራል። ተኳሹ ደግሞ ድምፅ በመስማት ብቻ አይተኩስም። ወፉን ሙሉ በሙሉ ማየት አለበት፤ በብዙ ቦታ በፀደይ ወራት መግደል የሚፈቀደው አውራውን ብቻ ስለሆነ፣ አውራ መሆኑንም መለየት አለበት። ምልክቱ ከደረቱ እንደ ፈረስ ጭራ የሚንጠለጠለው ጸጉር ነው።

ወፉ ሊጠፋ ሲል

ሴቷ እንድትተርፍ የሚያዘው ሕግ እንዲያው አልወጣም። ከባድ ጥፋት ካለፈ በኋላ የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ጫካው ለእርሻና ለጣውላ ተመነጠረ። ተርኪው ዓመቱን ሙሉ፣ እናቱ ከነጫጩቷ ሳትቀር፣ እየታደነ በገበያ ይሸጥ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወፉ ቀድሞ ይኖርባቸው ከነበሩት ክፍለ ግዛቶች ከብዙዎቹ ጠፋ።

በ1900 ከሕግ ውጭ የታደነ አውሬ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይሸጥ ታገደ። በ1937 ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ሽያጭ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ሕግ ወጣ። መጀመሪያ በቤት የረባ ተርኪ ወደ ጫካ ቢለቀቅ አልኖረም። የሰው እጅ የለመደ ወፍ ቀበሮን መሸሽ ከየት ያውቃል? ኋላ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ የዱሩን ተርኪ ትልቅ መረብ በመንጋው ላይ በባሩድ እያስወነጨፉ ከነሕይወቱ መያዝ ተቻለ። የተያዘው ባዶ ወደ ቀሩት ጫካዎች ተወስዶ ተለቀቀ። ዛሬ በአሜሪካ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ የዱር ተርኪ አለ።

በባትሪ የሚሠራና የተቀዳ የወፍ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ በዘመናችን አለ። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ተርኪ በዚህ መሣሪያ መጥራት ክልክል ነው። የአጥንቱ መጥሪያ ተፈቅዷል። ትንፋሽ የሚጠይቅና የሚያሳስት ስለሆነ ለወፉም ዕድል ይተዋል።

ይህን ስንጽፍ ቆቅና ጅግራ የሚመላለስበት ቁጥቋጦ ያላችሁ አንባቢያን እንዳላችሁ እናውቃለን። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ፣ ቁጥር 541፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው። ስለዚህ አጥንቱን ለመሞከር የፈለገ ከቤት ዶሮ ይጀምር። የዶሮው አጥንት ትንሽ ነው፤ ተርኪ አይጠራም። መቁረጡን፣ ማጽዳቱንና ማጋጠሙን ለመለማመድ ግን ይበቃል። ሲያልቅም ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል፤ ውሻ ካገኘው መጥሪያ ነው ብሎ አይተወውም።