ለገረኑክ መድፍ አይተኮስም!

ጉልበተኛ አጥቂ ሁሉ ጎል አያገባም፤ ጥይትም እንደዚያው ነው። ከነገሌ ቦረና በታች ባለው የግራር ቆላ የሚኖረው አንገተ ረጅሙ ገረኑክ ክብደቱ ከ50 ኪሎ ብዙም አይዘልም። በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እንደ ጎሽ ላሉ ግዙፍ አውሬዎች ነው። ትከሻን ስለሚደቃ ተኳሹ ገና ምላጭ ሳይስብ ይሸማቀቃል፤ ኢላማውም ይስታል። በባሌ ሸለቆ አሻግሮ 300 ኪሎ ሊደርስ የሚችለውን የደጋ አጋዘን ለሚመታ የ1963ቱ 300 ዊንቸስተር ማግነም ያዋጣል። ቆላውን ግን የ1906ቱ ሰርቲ ኦ ሲክስ በደንብ ይወጣዋል። ችግሩ ርቀቱ ላይ ነው፦ ለ200 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ 300 ሜትር ላይ ስንዝር ያህል ዝቅ ይመታል። ያቺ ስንዝር ልብን ስታ ሆድ ወይም እግር ታገኛለች፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባና ተሰቃይቶ ይሞታል። ስለዚህ ከጥይቱ ጉልበት በፊት ቀረብ ማለት ይቀድማል። ያለ ፈቃድ የተኮሰ ደግሞ የትኛውንም ጥይት ቢመርጥ ቀይ ካርድ ነው!