ከማንኩሽ መውጫው በየት ነው?

   ሕዝብ ከማንኩሽ ድንገት መውጣት ቢኖርበት በየት ይወጣል?

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ በማንቡክና በግልገል በለስ አልፎ አማራ ክልል አዊ ዞን፣ ቻግኒ ይገባል። ሌላው በሕዳሴ ግድብ አጠገብ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አሶሳ ይወስዳል። በምዕራብ ያለችው ሱዳን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። የቀረው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ አንዱ ከተዘጋ ደግሞ አንድ።

መንገዱ ራሱ አደጋ ሊሆን እንደሚችል መተከል አይታዋለች። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ከወምበራ ወደ ቻግኒ ይጓዝ የነበረ አውቶቡስ ደባጤ ወረዳ ላይ ተጠቅቶ ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ታኅሣሥ 14 ደግሞ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። በዚያ ሰሞን ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ፣ ብዙው ቻግኒ ራንች መጠለያ ገባ። በእግር የመጣ ነበር፣ ልጅ ያዘለ ነበር፣ አቅመ ደካማ ወላጁን ትቶ የወጣም ነበር። ማን በየት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚጫን፣ መንገዱን ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ የነገረው አልነበረም።

ሀብታም አገርም ቢሆን መንገዱን ካላሰበበት ይጎዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሪታ የተባለውን አውሎ ነፋስ ሸሽቶ ከሂዩስተን አካባቢ ከወጣው ሕዝብ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ነፋሱ ሳይሆን የጉዞው ሙቀትና መንገድ ላይ የደረሰ አደጋ ነበር።

እኛም አስቦ ማንቀሳቀስ አያቅተንም። ለግድቡ ሐይቅ ሲባል የጉባና የአጎራባች ወረዳዎች ነዋሪዎች ውኃው ሳይደርስባቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ለዚያ ጊዜ ተሰጥቶታል፣ በጀትም ተይዞለታል። ለድንገተኛው ግን ጊዜ የሚገኘው አሁን፣ ሰላም ባለበት ሰዓት ነው።

ለጉባ ወረዳ፣ ለዞኑና ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የምለው ይህ ነው፦ የመውጫ እቅዱ ክረምቱ ሳይገባ ይጻፍ። የአይሱዙና የባጃጅ ባለቤቶች፣ ነዳጁ፣ በሽተኛና አረጋዊ የሚያነሱት ሰዎች በቀበሌ በቀበሌ ይለዩ። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ብቻ አይነገር፤ በጉሙዝኛም ይነገር። የቻግኒና የአሶሳ አስተዳደሮችም ከወዲሁ ይፈርሙበት፤ የክልል ድንበር ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሮጥን ሰው ማቆም የለበትም።