የቅርብ ዘመድ ሥልጣንና የቤት ውስጥ ጥቃት፤ ሕጉ ለምን መሻሻል ያስፈልገዋል?

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለው አባባል በሕግ መጻሕፍትም ውስጥ ሥፍራ አለው። አንድ ሰው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲተኛ ወይም ሲሞት፣ ልጆቹም አሳዳሪ ሲያሻቸው፣ በብዙ አገሮች ሕግ በቅድሚያ የሚጠራው የትዳር ጓደኛው ነው፤ የሌሎቹ ዘመዶች ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዚህ ቅደም ተከተል መሠረት በሥጋ ወይም በጋብቻ የቀረበ ሰው በጎ አሳቢ ነው የሚል ግምት ነው። ግምቱ በአብዛኛው ትክክል ነው። ጥቃት በሚፈጸምበት ቤት ግን ይኸው ግምት የተጠቂዋን ሕክምና፣ አስከሬንና ልጆች በአጥቂው እጅ ይጥላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ችግር በምንኖርባቸው አንዳንድ አገሮችና በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ለማብራራት እንሞክራለን።

ለስደተኛ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ወላጆቿና ወንድም እኅቶቿ በአገር ቤት የቀሩ ሴት በባዕድ አገር ያላት የቅርብ ዘመድ ባሏ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደብድቧት ራሷን ብትስት፣ ሐኪሞቹ የሆነውን ነገር እስካላወቁ ድረስ ስለ ሕክምናዋ የሚያማክሩት እርሱን ነው። ብትሞት፣ እዚያው ትቀበር ወይስ አስከሬኗ ወደ አገሯ ይላክ የሚለውን ለመወሰን ቅድሚያ ያለው እርሱ ነው። የእናቷ ድምፅ ከእርሱ በኋላ ይመጣል።

ሕግ ለዚህ ችግር ፈጽሞ ዐይኑን ጨፍኗል ማለት አይደለም። የኒውዮርክ የበላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 «ሪግስ በተቃራኒ ፓልመር» በተባለው ጉዳይ፣ አያቱን መርዞ የገደለ ወጣት በኑዛዜ የተሰጠውን ሀብት እንዳይወስድ ፈርዷል፤ የፍርዱም መሠረት ማንም ሰው ከገዛ ጥፋቱ ሊጠቀም አይገባም የሚል ነበር። ገዳይ አይወርስም የሚለው ደንብ ዛሬ በአሜሪካ ስቴቶች በሰፊው የታወቀ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ከውርስ አልፎ ወደ ቀብር ይሄዳል፤ ሟቿን በመግደል የተከሰሰ ሰው፣ ክሱ ለቀብር ድርጅቱ የታወቀ እንደሆነ፣ አስከሬኗን የማዘዝ መብቱ ቀርቶ በተራ ለሚከተለው ዘመድ ይተላለፋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የቀብር ጉዳይ ፍርድ እስኪሰጥ ስለማይቆይ ክሱ ብቻ በቂ መሆኑ ነው።

ዋናው ክፍተት ግን ከሞት በፊት ያለው ነው። እነዚህ ደንቦች የሚነሡት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለዓመታት ሲደበድብ ኖሮ ያልገደለ ባል፣ ሚስቱ ከቤት ሸሽታ ብትወጣም፣ ፍቺው እስካልጸደቀ ድረስ በብዙ ስቴቶች የቅርብ ዘመድነቱ ይጸናል። ክፍተቱን በከፊል የደፈኑ ሕጎች አሉ። በቨርጂኒያ የፍቺ ክስ ከቀረበ በኋላ የትዳር ጓደኛ ለታማሚው የሕክምና ውሳኔ ለመስጠት ያለውን ቅድሚያ ያጣል። በፔንሲልቬንያም ሚስቱን ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሆን ብሎ የተወ ባል ያለ ኑዛዜ አይወርሳትም። የጋብቻ ወረቀት ብቻውን የበጎ አሳቢነት ማስረጃ እንዳልሆነ ሕግ አውጭዎች መቀበል መጀመራቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ይህን የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በእኩልነት ተክቶታል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት በስም ጠቅሶ ያስቀጣል። ስለ ውርስ የሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 838 ደግሞ፣ አውራሹን ሆን ብሎ በመግደል ወይም ለመግደል በመሞከር የተፈረደበትን ሰው ለመውረስ ያልተገባ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ድንጋጌ ገዳይ ባልን እምብዛም አይነካውም። በኢትዮጵያ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባል ከሚስቱ አይወርስም፤ የጋራ ሀብቱን ግማሽ የሚወስደው በወራሽነት ሳይሆን በተጋቢነት ነው። የእርሷን ድርሻ የሚወርሱት ልጆቿ ናቸው። አካለ መጠን ያላደረሱ እንደሆነ ግን፣ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ከወላጆች አንዱ ሲሞት አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆነው በሕይወት የቀረው ወላጅ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሥልጣኑን እስኪያነሣበት ድረስ፣ በበሩ ያልገባው ገዳይ በልጆቹ በኩል በመስኮት ይገባል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተጠቂዎችና የእሥረኞች ሕግ ይህንኑ ቀዳዳ ለመድፈን ሲል፣ የልጆቹን ሌላ ወላጅ በመግደል የተፈረደበት ሰው የወላጅነት ሥልጣኑ እንዲታገድ ደንግጓል። እገዳው ከፍርዱ ጋር እንዲመጣ መደረጉ፣ በሐዘን ላይ ያሉ አያቶች ራሳቸው ከሳሽ ሆነው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንዳይንከራተቱ ያግዛል።

በክስ ብቻ መብት መንፈግ ለሐሰተኛ ከሳሽ መሣሪያ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። መልሱ ማገድን ከመሻር መለየት ይመስለናል። ዳኛ የጥበቃ ትእዛዝ በሰጠ ጊዜ የአጥቂው የቅርብ ዘመድነት ሥልጣን ለጊዜው ይታገድ፤ ነጻ ሲወጣ ይመለስለት፤ ሲፈረድበት ይሻር። በእገዳው ዘመን ሥልጣኑ በተራ ለሚከተለው ዘመድ ይተላለፍ፤ ዘመዱ በሌላ አገር መኖሩም ለመከልከያ ምክንያት አይሁን።

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ በእጃችን ያለው መሣሪያ ወረቀት ነው። በአሜሪካ የሕክምና ውክልና፣ ኑዛዜና ስለ ቀብር የሚሰጥ የጽሑፍ መመሪያ፣ ስቴቱ በሚጠይቀው ፎርም ከተፈጸሙ፣ በዝምድና ቅደም ተከተል ላይ ቅድሚያ አላቸው። የመረዳጃ ማኅበሮቻችን አስከሬን ለመላክ ገንዘብ ለማዋጣት ፈጣኖች ናቸው። አባሎቻቸው እነዚህን ሰነዶች በሕይወት ሳሉ፣ ከማንም ተጽዕኖ ነጻ ሆነው እንዲያዘጋጁ ቢረዱ፣ መዋጮው የሚሰበሰብላት እኅታችን ማን እንዲቀብራት እንደምትፈልግ ቀድማ ተናግራ ታልፋለች።