ቪዛው ይቆጥራል፣ አውሮፕላኑ ቆሟል

መጋቢት 2012 ላይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እኛ ግቢ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ልጅ ተከራይቶ ነበር። በ30 ቀን ቪዛ የመጣ ቱሪስት ነው። ጠዋት ጠዋት ባህር ዛፉን እያቋረጠ እንጦጦን በእግሩ ይወጣል፤ ሲመለስ እማዬ ቡና ላይ ትጠራዋለች።

መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ከዚያ በኋላ ባሉት አስር ቀናት በሩ ሁሉ ተዘጋ። መጋቢት 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገራት የሚያደርገውን በረራ ማቆሙ ተሰማ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበር ተዘጋ። የልጁም ትኬት ተሰረዘ።

የካ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የኬንያ ኤምባሲዎች አሉ። የእሱ ግን ናይሮቢ ነው ያለው፤ ኬንያ ደግሞ መጋቢት 16 ዓለም አቀፍ የመንገደኛ በረራ አቆመች። ቪዛው ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ማታ ቁጭ ብለን ያሉትን አማራጮች ቆጠርን። አንደኛው፣ ቪዛው ሳያልቅ ከፍሎ ማራዘም። ሁለተኛው፣ ሌሎች ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ለመመለስ በሚያዘጋጁት ልዩ በረራ ላይ መቀመጫ መለመን፤ ግን ቅድሚያው ለራሳቸው ሰው ነው። ሦስተኛው፣ አየር መንገዱ ሙሉ በሙሉ ስላልቆመ በሦስተኛ አገር በኩል መውጣት፤ ያቺ አገር መሃል መንገድ ላይ በሯን ብትዘጋስ? በቃ፣ ማራዘም ይሻላል ተባባልን።

ጠዋት አብረን ወጣን። ታክሲው ጋ ስንደርስ ረዳቱ አየውና «ኮሮና!» ብሎ በሩን ዘጋው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ያኔ የኮቪድ ማዕከል የነበረው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ያለው እኛው ከተማ ውስጥ ነው። ነገሩ ግን የእኛ ሰፈር ብቻ አልነበረም። መጋቢት 9 የአሜሪካ ኤምባሲ በውጭ ዜጎች ላይ ጥላቻ እየጨመረ ነው ብሎ ዜጎቹን አስጠንቅቆ ነበር። እንግዳ ተቀባይ ነን ስንል የኖርን ሰዎች ነን እንግዲህ። እስከ ጥቁር አንበሳ በእግራችን ሄድን፤ ልጁ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

ቪዛው ተራዘመለት። ግንቦት ላይ በሌላ አገር ልዩ በረራ መቀመጫ አግኝቶ ሄደ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ቪዛ አልፎበት ለቆየ ሰው ቅጣት የሚጣለው ቶሎ እንዲወጣ ነው። መውጫው ራሱ ሲዘጋስ? ያኔ ቅጣቱ የማንንም ባህርይ አይቀይርም፤ ችግር ላይ የሚጣል ቀረጥ ይሆናል። ይህ የገባቸው አገራት ነበሩ። እንግሊዝ መውጣት ላልቻሉ ሰዎች ቪዛቸውን እያደሰች እስከ ሐምሌ 2012 አደረሰችው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም ያለቀ ቪዛ እስከ 2020 መጨረሻ ይሠራል አለች፤ ሐምሌ ላይ ግን ሐሳቧን ቀየረች። አየር ማረፊያውና ድንበሩ በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ የቪዛው ሰዓትም አብሮ መቆም አለበት፤ ያውም ሰው ቢሮ ለቢሮ ሳይንከራተት።

ለፈረንጅ ጠበቃ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ቤይሩት፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ምን እንደሆነ አስታውሱ። አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው የጣሏቸው እህቶቻችን ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ ተኝተው ነበር። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃድሽ የተሳሰረው ከአሠሪሽ ጋር ነው። እሱ ሲያባርርሽ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ፓስፖርታቸው በእጃቸው የለም። የእኛ እንግዳ ቢያንስ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ቡና የምትጠራው እናትም ነበረችው።

የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ሲመረቅ ፎቶ ላክሁለት። «ታክሲው አሁን ይጭነኛል?» ብሎ ጻፈልኝ። በቀልድ ይሁን በቁም ነገር እስካሁን አላወቅሁም።

እናንተ ግን ስልካችሁን እንደያዛችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት እህት ካለቻችሁ ዛሬውኑ ደውሉላት። ኢቃማሽ መቼ ነው የሚያልቀው በሏት። ፓስፖርትሽስ ማን ጋ ነው? ፎቶውን አንስታ እንድትልክላችሁ አድርጉና አስቀምጡት። በሩ ሲዘጋ ማንም ቀድሞ አይነግራትም።