አየሩ ከሚዛናችን ስንት ይወስዳል?



ባለፈው የዒድ ዋዜማ ከጀማዓችን ጥቂቶቻችን ለዘካተል ፊጥር የተሰበሰበ ስንዴ ይዘን ጢስ ዓባይ ከተማ ገብተን ነበር። ስንዴው ከዒድ ሶላት በፊት ለባለሐቆቹ መድረስ አለበት። ይዘነው የሄድነው የባትሪ ሚዛን ግን መንገድ ላይ ተበላሸ። መሽቷል፤ ሱቆችም ተዘግተዋል።

ስለዚህ አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ወገቡን በገመድ አስረን ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠልነው። በሁለቱም ጫፍ ፌስታል ሰቀልን። በአንዱ ፌስታል ግማሽ ሊትር የሚይዙ አምስት የታሸጉ የውሃ ጠርሙሶች፣ በሌላው ደግሞ የፕላስቲኩን ክብደት እንዲያካክሱ አምስት ባዶ ጠርሙሶች አስገባን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለአንድ ሰው የያዝነውን 2.5 ኪሎ በዚህ መለካት ይቻላል ብለን ነው።

ሥራ ልንጀምር ስንል አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን «ቆይ እስቲ» አለ። «ውሃና ስንዴ እኩል ቦታ አይዙም። ያለነውም ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ሚዛኑን ቢያዛባውስ? የሰው ሐቅ እኮ ነው!»

የዚያን ሌሊት ለእያንዳንዱ ድርሻ አንድ እፍኝ ጨምረን አደልን። ጥያቄው ግን ተገቢ መልስ ይገባዋል።

አየሩ ሳህኑን ለምን አይደፍቀውም?

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በአካባቢያችን ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 0.8 ኪሎ የሚያህል ጫና ያርፋል። የጎኑ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ የሚዛን ሳህን ላይ ሲሰላ ከ250 ኪሎ በላይ ይሆናል!

ሳህኑ ግን አይወርድም። አየር ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ከጎንም ይገፋልና። የላዩና የታቹ ግፊት ሊጣፉ ጥቂት ይቀራቸዋል። የምትቀረው ትንሽ ልዩነት ወደ ላይ የምታነሳ ናት፤ ምክንያቱም ዝቅ ባለው በኩል ያለው አየር ከላይኛው ጥቂት ይበልጥ የታመቀ ነው። ልኳም የታወቀ ነው፦ ዕቃው ቦታውን የወሰደበት አየር የሚመዝነውን ያህል ናት። ታንኳን በጣና ላይ የሚያንሳፍፈው ሕግ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በውሃ ፋንታ አየር መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ቀጥ ሲል የሚነግረን የሁለቱን ወገን ክብደት ሳይሆን፣ ከየክብደታቸው አየሩ ያነሳው ተቀንሶ የቀረውን ነው። ብዙ ቦታ የሚይዘው ዕቃ ይበልጥ ይነሳል።

ወደ ስንዴያችን እንመለስ

በአካባቢያችን አንድ ሊትር አየር ወደ 1 ግራም ይመዝናል፤ በባሕር ጠለል 1.2 ግራም ነው። 2.5 ሊትር ውሃ 2.5 ሊትር አየር ስለሚያፈናቅል ወደ 2.5 ግራም ያህል ይነሳለታል። የስንዴ ፍሬ ከውሃ ይከብዳል፤ 2.5 ኪሎ ስንዴ በፍሬው ብቻ 1.9 ሊትር ገደማ ነው። በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት አይቆጠርም፤ አየር ይገባበታልና። ስለዚህ ስንዴው የሚነሳለት 1.9 ግራም ያህል ነው።

ልዩነቱ 0.6 ግራም ሆነ። ይህም አሥራ አምስት ያህል የስንዴ ፍሬ ማለት ነው። አየሩ ከእያንዳንዱ ድርሻ የወሰደው ይህን ነው።

ይህን ሐሳብ ቀድመው ያሰቡት የእኛው ሊቃውንት መሆናቸውን ማወቅ ደስ ያሰኛል። ዐብዱረሕማን አል-ኻዚኒ ዛሬ ቱርክሜኒስታን ውስጥ በምትገኘው በመርው ሆኖ በ515 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1121 ገደማ) «ሚዛን አል-ሒክማህ» የተባለ መጽሐፍ ጻፈ። ባለ አምስት ሳህን ሚዛን አሠራር ያብራራበታል፤ አንዱ ሳህን ውሃ ውስጥ ጠልቆ ንጹሕ ወርቅን ከቅይጥ ይለያል። አየርም እንደ ውሃ ዕቃን እንደሚያቀል፣ ከሳሳ አየር ወደ ወፍራም አየር የተወሰደ ዕቃም እንደሚቀል አስረድቷል። ቶሪቼሊ ባሮሜትርን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1643 ነው።

የአል-ኻዚኒን ሐሳብ በእኛ አገር እንየው። ጢስ ዓባይ ላይ አንድ ኪሎ ቀላል እንጨትና አንድ ኪሎ ብረት በጣም ስሱ በሆነ ሚዛን እኩል አድርገን ሳንነካካቸው ጅቡቲ ብንወስዳቸው፣ እንጨቱ በ0.4 ግራም ገደማ ቀልሎ ከፍ ይላል። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ታዲያ ትልቁ ስሕተት የት ነበር?

ስሕተቱ ከእጃችን ሥራ ላይ ነበር። ዱላ አንዱ ጫፉ ይወፍራል። ስለዚህ ባዶውን ቀጥ ቢልም ገመዱ የታሰረው ልክ መሐሉ ላይ ላይሆን ይችላል። ገመዱ ከመሐል በ1 ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ አንዱ ክንድ 51፣ ሌላው 49 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሚዛን ሕግ ክብደት ሲባዛ በርቀት ነውና ከ2.5 ኪሎ ላይ 100 ግራም ይጎድላል ወይም ይተርፋል። አየሩ ከወሰደው ከ160 እጥፍ በላይ ማለት ነው! በበር የሚገባ ነፋስም ፌስታሉን ሲያወዛውዘው ከዚያች 0.6 ግራም ይልቅ ያሳስታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በር ዝጉ። አንዴ እኩል ካደረጋችሁ በኋላ በግራ ያለውን ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ያለውን ወደ ግራ አዛውሩ። አሁንም ቀጥ ካለ ክንዶቹ እኩል ናቸው። ካዘነበለ ሚዛኑ ያዳላል፤ ፌስታሉ የተሰቀለበትን ቦታ አስተካክሉ።

ሱረቱል ሙጠፊፊን ስሟን ያገኘችው ከስፍርና ሚዛን አጉዳዮች መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የወንድማችን ጥያቄ ከዚያ ፍርሃት የመጣ ነበር፤ ያ ፍርሃትም ወደ ስሌት ወሰደን። ስሌቱ ደግሞ ለአሥራ አምስት ፍሬ ስንጨነቅ መቶ ግራም ሊያመልጠን ይችል እንደነበር አሳየን። በሚቀጥለው ረመዳን ኢንሻአላህ ሚዛኑን ከመሄዳችን በፊት እናዛውረዋለን፤ እፍኟን ግን አንተዋትም።

ወላሁ አዕለም።