ጥርስ አልባዎቹ አዳኞች፦ ሰይፍ ዓሣና የጣና ነጭ ዓሣ

በውቅያኖስ ከሚኖሩት አዳኝ ዓሦች መካከል እንደ ሰይፍ ዓሣ ልዩ መሣሪያ የታጠቀ ጥቂት ነው። ርዝመቱ እስከ 4.5 ሜትር ሊደርስ የሚችለው ይህ ዓሣ ከላይኛው መንጋጋው የወጣውን ረጅምና ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሰነዘረ ስኩዊድንና ሌሎች ዓሦችን ይመታል፤ አንዳንዴም ለሁለት ይከፍላቸዋል። ከዓይኑ ጡንቻዎች አንዱ ሙቀት አመንጪ አካል ሆኖ በመለወጡ፣ በጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳለ እንኳ አንጎሉና ዓይኖቹ ከአካባቢው ውኃ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሞቀው ይቆያሉ። የሞቀ ዓይን ደግሞ ፈጣን እንቅስቃሴን አጥርቶ ይለያል። በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ይዋኛል እየተባለ በየመጽሐፉ የሚደጋገመው ግን አስተማማኝ ልኬት የሌለው ስለሆነ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው አዋቂው ሰይፍ ዓሣ አንድም ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው።

ጥርስ ሳይኖረው ዓሣ የሚያድን ፍጥረት ለማየት ግን ውቅያኖስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ በሚል የወል ስም የሚጠሩት፣ በሳይንሳዊ መጠሪያቸው ላቢዮባርበስ የተባሉት ዓሦች ወደ 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሏቸው ተመዝግቧል፤ ከእነዚህም 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚመደቡበት የካርፕ ቤተሰብ አባላት በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ፣ በሆዳቸውም ውስጥ ጨጓራ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አካል ለነፍሳት፣ ለቀንድ አውጣና ለዕፅዋት እንጂ ለአደን የተመቸ አይመስልም። የጉሯቸው መተላለፊያ ጠባብ በመሆኑም ቀጭንና ትንሽ ዓሣ ካልሆነ በስተቀር ለመዋጥ ይቸገራሉ። ሰይፍ ዓሣ ትልቁን ምርኮ በሰይፉ ይቆርጣል፤ የጣናው አዳኝ ግን የሚቆርጥበት መሣሪያ ስለሌለው ከጉሮሮው ጋር የሚመጣጠን ምርኮ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ታዲያ ይህን ኑሮ እንዴት ሊመርጡ ቻሉ? መልሱ ያለው በሐይቁ ታሪክ ውስጥ ነው። ከሐይቁ በታች የሚገኘው፣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡ ዓሦችን መንገድ ዘግቷል። በባሮና በጫሞ የሚታወቀው ናይል ፐርች ጣና አልደረሰም። የአዳኙ ቦታ ባዶ ሆኖ በመቆየቱ ነጭ ዓሦቹ ተከፋፍለው ያዙት፦ አንዳንዶቹ አካላቸው ቀጥኖ በገላጣው ውኃ አሳዳጆች ሆኑ፣ ሌሎቹ አፋቸው ሰፋ፣ የአንዱም ዝርያ ዓይን ከሌሎቹ ጎልቶ ተለቀ።

ከአዳኞቹ በርካታዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ይህ ልማዳቸው ለአደጋ አጋልጧቸዋል፤ መረብ በወንዙ አፍ ላይ ከተዘረጋ ገና እንቁላል ያልጣለው ዓሣ በገፍ ይያዛልና። በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ ዓሣ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በ1991 እና በ2001 መካከል የተካሄዱት ጥናቶች በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ክምችት በ75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በላይ ቀንሷል።

በአምቦ አካባቢ የምናውቀው የጉደር ወንዝ ወደ ዓባይ የሚገባው ከፏፏቴው እጅግ በታች ነው። ስለዚህ የጣና አዳኞች ቢጠፉ፣ ከጉደርም ሆነ ከሌሎቹ የታችኛው ዓባይ ገባሮች ሽቅብ ተጉዞ ቦታቸውን የሚተካ ዓሣ አይኖርም።